የአያ ልሳኑ ግማሽ ቃል

«ባለ ገበርኩው አረፈ» አለኝ ፀጉር አስተካካዩ፣ መቀሱን ጆሮዬ ሥር እያንጫጫ። አያ ልሳኑን ማለቱ ነው። እንዲያቆም በእጄ ምልክት ሰጠሁትና በመስታወቱ ውስጥ ፊቱን አየሁት፤ የሚቀልድ አይመስልም። መቼ ብለው ባለፈው ሳምንት አለኝ። ታሞ ነበር ወይ ብለው ብዙም አልቆየ አለኝ። ከዚያ አንገቴን መልሶ አዘነበለና ሥራውን ቀጠለ። ግማሽ የተላጨ ራስ ይዤ ተነሥቼ መውጣት ስለማልችል እዚያው እንደ ተቀመጥኩ አዘንኩ።

ገበርኩ የመኪና ስም ነው። አያ ልሳኑ ከጣሊያን ዘመን የተረፈች አንዲት ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ነበረችው፤ ስሙን ያወጣላት የጎንደር ሰው ነው። ጎንደሬ ስም ለማውጣት ማን ብሎት። ስሙ እንዴት እንደ ወጣ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ነገሩ ሲተበተብ መሐሉ ላይ ቆሜ የነበርኩት እኔ ነኝና። የሚያውቅ የለም ስል ግን ገብቶኛል ማለቴ አይደለም።

ያን ጊዜ ፒያሳ ላይ ሙሴ ኮስታ ከሚባል ግሪክ ዘንድ ጸሐፊ ነበርኩ። ሙሴ ኮስታ ጎማና የመኪና ዕቃ ይሸጣል፤ በጎን ደግሞ አዲስ አበባ ላለ አንድ የመድን ድርጅት ወኪል ነው። የኔ ሥራ የሰዉን ነገር ለሙሴ፣ የሙሴን ነገር ለሰዉ ማስረዳት ነበር። አያ ልሳኑ ደግሞ ጎረቤቴ ነው፤ ቤታችን በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ስለነበር እሱ ሲያስለው እኔ «ይማርህ» እል ነበር። እንግዲህ ቀን ከድርጅቱ ጋር ስውል፣ ሲመሽ ከአያ ልሳኑ ጋር ነኝ ማለት ነው።

አያ ልሳኑ የቄስ ልጅ ነው። ድጓውን መሐል ላይ እንዳደረሰው ጣሊያን መጣ፤ ትምህርት ቤቱ ተበተነ፤ እሱም ጋራዥ ገብቶ መኪና ሲያጥብ ሲያጥብ ሹፌር ሆኖ ወጣ። የቆሎ ተማሪነቱ ግን አብሮት መሪ ጨበጠ። ነገር ሲጠይቁት ወዲያው አይመልስም። ባርኔጣውን ያወልቅና በእጁ ያዞረዋል፣ ያዞረዋል፤ ጠያቂው የጠየቀውን ሊረሳ ሲል መልሱ ይመጣል። የመኪናዋ ፍሬን እንደማያስተማምን ቢነግሩት «ማኪና የሚቆመው በፈቃዱ ነው፤ ፍሬን ምክንያት ነው» ይላል። ይህን ሰምቶ ያልወረደ ተሳፋሪ ወይ ጻድቅ ነው ወይ ገበያ የረፈደበት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም አያልፍም። ሌላው ሹፌር መሪውን እንደ ያዘ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። አያ ልሳኑ ግን መኪናዋን ከመንገድ አውጥቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ደጁን ስሞ ይመለሳል። በዚያ ላይ አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ፤ ከጎንደር እስኪወጣ ድረስ ራሱ አንድ መንገድ ነው። አንድ ቀን አንዲት ነጋዴ፣ «አያ ልሳኑ፣ ምነው ከመሪህ ሳትነሣ ብትሳለም?» አለችው። ባርኔጣውን አዞረና፣ «አንቺስ እንግዳ ከደጅሽ መጥቶ ከበቅሎው ሳይወርድ ቢሰላምሽ ሸጋ ነው?» አላት። ከዚያ ወዲህ የዘወትር ደንበኞቹ አብረውት እየወረዱ መሳለም ለመዱ።

ይህ ልማድ ነው ሰው ያተረፈ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወደ ደባርቅ ጭኖ ይሄድ ነበር፤ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ የወገራ ጉም መሬት ወርዶ ተኝቷል። አያ ልሳኑ እንደ ልማዱ መኪናዋን ከመንገድ ዳር አወጣና ወረደ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ተከትሎት ወረደ። እሱ ገና የጊዮርጊስን ደጅ ሲሳለም ከኋላ የመጣ የአንድ ነጋዴ ላንድሮቨር መንገዱን ስቶ የቆመችውን መኪና ገጫት። ዕቃ የሚጫንበት ካሶኒ ተጨራመተ፤ ካሶኒው የተቀመጠበት ብረት፣ ሻንሲው፣ ከኋላ በኩል ተጣመመ። የላንድሮቨሩ ሹፌር ካሳ የሚባል ወጣት ነበር፤ ግንባሩ ተተርትሮ ደም ፊቱን አልብሶታል። አያ ልሳኑ እየሮጠ ደረሰ፣ መኪናውን ሳይሆን ደሙን አየ፣ ሁለት እጁን ከራሱ ላይ ጭኖ፣

«አበስኩ ገበርኩ!» አለ።

ማን የማይለው ነገር አለ። ልጅ ሲወድቅ ይባላል፤ ወጥ ሲገነፍል ይባላል፤ ክፉ ወሬ ሲሰማ ይባላል። ግዕዙ «በደልኩ፣ አደረግሁ» ማለት እንደ ሆነ የሚያውቀው ያውቃል፤ ሲለው ግን የሚያስበው የለም። አብሮት ሮጦ የደረሰው የአምባ ጊዮርጊስ ፖሊስ አሥር አለቃ ግን ትጉህ ሰው ኖሮ የሰማውን አንድም ሳያስቀር ጻፈ። የቆመው መኪና ሹፌር ከስፍራው እንደ ደረሰ «አበስኩ ገበርኩ» ብሎ ተናግሯል ብሎ ፈረመበት።

ላንድሮቨሩ መድን የተገባለት በኛው ድርጅት ነበር። ይህን እንዳወቅሁ ደስ ብሎኝ ወደ አያ ልሳኑ ቤት በረርኩ። መኪናዋ ተጎትታ መጥታ ከአጥሩ ሥር ቆማለች፤ እሱ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«አያ፣ አይዞህ» አልኩት፤ «የገጨህ ማኪና መድን አለው።»

ባርኔጣውን አወለቀ። «መድንስ አንድ ነው» አለኝ፤ «እነዚህን ስሙን ማን ሰጣቸው?»

መድኃኔ ዓለምን ማለቱ እንደ ሆነ ሲገባኝ፣ ይኸኛው መድን ሌላ ነው፣ ባለ መኪናው ሁሉ በየዓመቱ የሚያዋጣው ነው፣ አደጋ ሲደርስ ከዚያ ይከፈላል ብዬ አስረዳሁት። እንደ እድር ነው ወይ አለኝ። እፎይ ብዬ አዎን እንደ እድር ነው አልኩት። እንግዲያማ እድርተኛው ላንድሮቨሩ ነው፤ እኔ ሳላዋጣ ምን ብዬ እበላለሁ አለኝ። ደሜ ፈላ። አንተ ተበዳይ ነህ፣ ስለዚህ ካሳ ታገኛለህ አልኩት።

«ካሳንማ አግኝቼዋለሁ» አለኝ፤ «ትናንት ግንባሩን አስሮ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ምስኪን ልጅ ነው።»

እያሾፈብኝ ይሁን እውነቱን ይሁን ፊቱን አይቼ ማወቅ አልቻልኩም። ይህን ሰው ባወቅሁበት ዘመን ሁሉ ይህን ማወቅ አልቻልኩም። ሚስቱ እትዬ የሺ ከውስጥ ሆና ስትሰማን ቆይታ ኖሮ ብቅ ብላ፣ «የሚያስከፍለንን ሁሉ ጻፍልን፤ እሱን ተወው» አለችኝ። ሦስት ልጅ ያላት ሴት ናት፤ ያ ቤት የሚያድረው በዚያች መኪና ነው። ካልተጠገነች ብረት ገዢ ቆራርጦ ሊወስዳት ዋጋ ሰጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ አያ ልሳኑ በዚያ ዕድሜው የሰው መኪና ረዳት መሆኑ ነው።

ቃሉን ተቀብዬ ጻፍኩ። እንዴት እንዳቆመ፣ የት እንደ ነበረ፣ ላንድሮቨሩ ከየት እንደ መጣ፣ ሁሉንም ተናገረ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ለዚህም ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው» አለ። የተናገረውን መጻፍ ሥራዬ ስለሆነ ጻፍኩት። ሙሴ ኮስታ ማኅተም መታበትና ወረቀቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

መልሱ የመጣው ተስፋ ከቆረጥን በኋላ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉት አለቆች የውጭ ሰዎች ስለነበሩ ወረቀቱ ሁሉ ተተርጉሞላቸዋል። በመጀመሪያ፣ በቦታው እንደ ነበሩ የተጠቀሱት ምስክር አቶ ጊዮርጊስ ከነአባት ስማቸውና ከነአድራሻቸው ተገልጸው ቀርበው ቃላቸውን እንዲሰጡ ይላል። ቀጥሎም፣ ጠያቂው በአደጋው ቦታ ላይ በገዛ አንደበቱ «በድያለሁ፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት» ብሎ ማመኑ በፖሊስ ስለተረጋገጠ ድርጅቱ ለመክፈል እንደሚቸገር ያስታውቃል።

ደጋግሜ አነበብኩት። ሳቄ ይምጣ እንባዬ ይምጣ አላወቅሁም። ሙሴ ኮስታን፣ ይህ እኮ እርስዎም ጎማ ሲፈነዳ የሚሉት ቃል ነው ስለው፣ እውነት ነው እለዋለሁ፣ ግን የኔን ፖሊስ አልጻፈውም አለኝ።

የጊዮርጊስን ነገር ለአያ ልሳኑ ሳነብለት እንደሚስቅ እርግጠኛ ነበርኩ። አልሳቀም። «የአባቱ ስምማ አንስጣስዮስ ነው፤ ጻፍላቸው» አለኝ። «አድራሻውን ግን ስሄድ እንጂ አላውቀውም።» ሁለተኛውን ሳነብለት ግን ባርኔጣውን ማዞር ጀመረ። እትዬ የሺ መልሱን አልጠበቀችም። «አበስኩ ማለት ወንጀል የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? አንተስ ከነሱ ወገን ነህ ከኛ?» ብላ ያዘችኝ። ከማን ወገን እንደ ሆንኩ ለራሴም ግራ ገብቶኝ ስለነበር ጠላውን ሳልጨርስ ወጣሁ። የምትጠጣውን ጠላ እንኳ መሸጥ ጀምራ ነበር፤ የሰጠችኝን ዋንጫ አስቤ ተሸማቀቅሁ።

ጊዮርጊስ ቅዱስ እንጂ አቶ እንዳልሆኑ፣ ቃሉም አባባል እንጂ ኑዛዜ እንዳልሆነ ገልጬ እንደገና ጻፍኩ። ብዙ ተጻጻፍን። እስከዚያ መኪናዋ ውስጥ ዶሮ እንቁላል መጣል ጀመረች፤ ብረት ገዢውም በየጊዜው እየመጣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ እያደረገ ይሄዳል። በመጨረሻ ድርጅቱ ነገሩን በቦታው የሚያጣራ መርማሪ ላከ።

መርማሪው የኛው አገር ሰው ነበር፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ትሑት። ከሙሴ ኮስታ ቢሮ ተቀምጦ በመጀመሪያ ካሳን ጠየቀው። ካሳ ግንባሩ ላይ ጠባሳው ገና አልጠፋም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጉም ውስጥ ፈጥኜ ነዳሁ፣ የሰውየው መኪና ከመንገድ ወጥታ ቆማ ነበር ብሎ አንድም ሳይደብቅ ተናገረ። በኔ ቤት ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ። ገጪው ገጨሁ ብሏል፤ የተገጨው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሟል፤ ምን ቀረ? ቃሉ ቀረ።

መርማሪው አያ ልሳኑን ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠው። እትዬ የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከበሩ ቆማለች።

«አባቴ፣ እኔም ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት» አለው መርማሪው። «እናቴ ወጥ ሲገነፍልባት ትለዋለች። ለአለቆቼ የማሳየው ወረቀት ብቻ ነው የቸገረኝ። እንግዲህ ወንጌሉ እዚህ አለ። ቃሉ እንዲያው ከአፌ ያመለጠኝ ነው፤ ትርጉም የለውም ብለው ይማሉልኝና ልጨርስ።»

ሰማሁና ልቤ አረፈ። እትዬ የሺም ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው አልኩ በሆዴ፤ የተቆለፈውን በር ራሱ ከፍቶ ግባ አለው እኮ።

አያ ልሳኑ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ማዞር ጀመረ። መርማሪው ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀ። ሙሴ ኮስታ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። በዓይኔ «በል እንጂ» እያልኩት ነው። እሱ ወንጌሉን ነው የሚያየው።

«አበስኩ ማለቴ እውነት ነው» አለ በመጨረሻ። «ስበድል ነው የኖርሁ። ገበርኩ ያልሁት ግን ከሱ ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። ማኪናውን እኔ አልገጨሁም፤ ከደጁ ቆሜ ነበር። አበስኩን አልመልስም። ገበርኩን ውሰዱት።»

መርማሪው ብዕሩን እንዳነሣ ቀረ። እኔን ዞር ብሎ፣ ምን ማለታቸው ነው አለኝ። አስረጂ ተብዬ የምበላ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን ራሳቸውን ይጠይቁ አልኩት። መርማሪው፣ አባቴ እንደገና ያስቡበት፣ ጉዳትዎ ነው አለው። አያ ልሳኑ አስቤበታለሁ፣ እንዳልሁት ይጻፍ አለ። ወንጌሉን መታና ያንኑ ማለ። ዘወር ስል እትዬ የሺ በሩ ላይ የለችም።

ውሳኔው ሲመጣ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጠያቂው ተናግሯቸዋል ከተባሉት ሁለት ቃሎች አንዱን በመሐላ ያጸና፣ አንዱን በመሐላ የካደ ስለሆነ፣ ድርጅቱ ከተጠየቀው ግማሹን ይከፍላል ይላል። ሙሴ ኮስታ ነገሩ ሲገባው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ ይህ ሰው ሞኝ ነው ወይስ ብልጥ አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነበር።

ግማሹ ገንዘብ የተጣመመውን ሻንሲ አያቃናም። ጋራዥ ያሉት ሰዎች ያሰቡት ዘዴ የተበላሸውን ጫፍ ቆርጦ መጣል ነው። ቆረጡት፤ በቀረው ላይ አጭር ካሶኒ ሠሩለት። መኪናዋ ጅራቷ እንደ ተቆረጠ ውሻ ሆና ወጣች። የጎንደር ሰው አንድ ቀን አላሳደራትም፤ ያልተከፈለባት አበስኩ ተቆርጣ ቀርታ የተከፈለባት ገበርኩ ተረፈች አለና ገበርኩ ብሎ ጠራት። ዛሬ በምን መጣሽ ሲሏት በገበርኩ የማትል ነጋዴ አልነበረችም። አያ ልሳኑ ሲሰማ አይቆጣም። ግን ድሮ የሚጭነውን ግማሽ ነው የሚጭነው፤ ሊማሊሞን ወርዶ አሥመራ መመላለሱ ቀርቶ ከደባርቅ አላለፈም። እትዬ የሺም ጠላውን አልተወችም፤ ትልቁ ልጃቸውም ትምህርቱን ትቶ ሱቅ ተቀጠረ። ያ ልጅ በጠዋት ተነሥቶ በደጄ ሲያልፍ ባየሁት ቁጥር በአባቱ እናደድ ነበር። እወደዋለሁ፤ እየወደድኩት እናደድበት ነበር።

ነገሩን ብዙ ጊዜ በሆዴ ይዤው ቆየሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ሥር ተኝቶ ግራሶ ሲቀባ አገኘሁት። ቁጢጥ ብዬ ወደ ውስጥ እያየሁት በሆዴ የያዝኩትን አወጣሁ።

«አያ፣ እስቲ ዛሬ ንገረኝ» አልኩት። «ሰው ሁሉ የሚለው ነገር ነው። አንተም ያን ቀን ስትለው ምንም ማለትህ አልነበረም። ያ ጨዋ ሰው በሩን ከፍቶልህ ነበር። ምነው ትርጉም የለውም ብትለው? እትዬ የሺን አላሰብሃትም? ልጆቹን?»

በጀርባው ተንፏቆ ወጣና ተቀመጠ። ባርኔጣ አላደረገም፤ እጁም ግራሶ ነው። የሚያዞረው ነገር ስላልነበረው ነው መሰለኝ ቶሎ መለሰልኝ።

«አስቤያቸዋለሁ» አለ። «ያን ቀንም እሷን ነው ያሰብሁ። ግን ትርጉም የለውም ብዬ ከማልሁማ፣ እሑድ ከደጁ ቆሜ አበስኩ ስል ማን ይሰማኛል?»

ይህን ብሎ ተመልሶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። እኔም ከውጭ የቀሩትን እግሮቹን እያየሁ፣ የግራሶውን ጣሳ ወደ ውስጥ ገፋሁለት።